የቀረ

አስፋልቱ ተሟጦ፥ ጠጠሩም ሲያልቅበት፣
ከምሰሶው ጫፍ ላይ፥ ሽመላ የሄደበት፣
ሠላሳ አንድ ቤት ነው፥ ዛግሮብላ ማለት፤
ስድስቱ ዝግ ናቸው፥ ጭስ የማይወጣበት።

"ከግድቡ ማዶ" ነው፥ ስሙ ሲተረጎም፤
ግድቡ ፈርሷል እንጂ፥ ማዶው አልፈረሰም።
ኩሬው ግን እንዳለ፥ ጥቁር፥ ዝምተኛ፣
ሸምበቆ እንደ ዘመድ፥ የከበበው በሽተኛ።

በመስከረም ማክሰኞ፥ ጭጋግ ሜዳው ተኝቶ፣
አንድ ወጣት መጣ፥ ከአውራጃው ተልኮ፥ ትንሽ መኪና ነድቶ፤
እጁ ላይ ቅጽ አለ፦ "የቅርስ ምዝገባ"፣
ጫማው አዲስ ነበር፥ ጭቃው ውስጥ ሲገባ።

"ቤተ መንግሥት አለ?"
"የለም።"
"የጦርነት ሐውልት?"
"የለም።"
"እዚህ የተወለደ፥ ዝነኛ ሰውስ አለ?"
ሆኖራታ አሰበች፥ ድንች እየላጠች፣
"ለየእናቶቻችን፥ ዝነኞች ነበርን፥ ሁላችንም" አለች።

ቤተ ክርስቲያኗ፥ ጥድ በጥድ ተጋድሞ፥ የቆመች ናት ድሮ፤
"ሚስማር አልነካትም" ይላል ሰው፥ ተኩራርቶ ተናግሮ፤
(እኔ ግን አይቻለሁ፥ ሁለት ሚስማር፥ ዝጎ፥ ከበሩ ሥር ተሰውሮ።)
ደወል ግን የላትም።

የፊተኛውን ደወል፥ የዛር ወታደር ነቅሎ፣
ወደ ምሥራቅ ወሰደው፥ መድፍ ይሆናል ብሎ።
ለሁለተኛው ደወል፥ ተልባና እንቁላል ተሸጠ፣
ከልጆች ዳቦ ላይ፥ ቅቤው ተቆረጠ፣
አሥራ ሁለት ዓመት፥ ሳንቲም ተቋጠረ፤
ደወሉም ተሰቅሎ፥ አሥራ አንድ ፋሲካ፥ ብቻ አበሰረ።
ከዚያ ሌላ ጦር መጣ። ቋንቋው ሌላ፥ የብረት ረሃቡ ያው።

ያን ሌሊት ገርቫዚ፥ የሆኖራታ አባት፥ ደወል ደዋይ የነበር፣
የደወሉን ምላስ፥ በጆንያ ጠቅልሎ፥ እንዳይናገር ሲያስር፣
ፋኖሱን የያዘው፥ ሄንዴል ነበር፤ መስታወት ገጣሚው።
ሁለት ሰው፥ አንድ ጋሪ፥ ወደ ኩሬው።
ሲነጋ ገርቫዚን፥ "የት አለ?" አሉት፤
ለደወሉ ያሰረውን፥ ለራሱም አሰረው፤
ከወፍጮው ግድግዳ፥ አስጠግተው ጣሉት።

ሄንዴል ማለት ያ ነው፥ በጀርባው መስታወት፥ ሰማይ የሚያዝለው፣
በረዶ የሰበረውን፥ የማርያምን መስኮት፥ መልሶ የሚተክለው።
"ቅዳሜ እኔ አልሠራም፥ እሑድ እናንተ አታሠሩኝም፤
የእግዜር ቤት ሥራ ሰኞ ነው፥ ሌላ ቀን አይሆነኝም"
ይል ነበር እየሳቀ።
በቀጣዩ መኸር፥ የስኳር ቀይ ሥር፥ በሚጫንበት ፉርጎ፣
ከፌይጋና ከአራት ልጆቹ ጋር፥ በጠባቡ ሐዲድ፥ ተወሰደ ተጠርጎ።

ከጦርነቱ ወዲያ፥ ኩሬው ሦስቴ ተቆፈረ፤
ደወል አልተገኘም።
ሄንዴልም ቀረ።

ሆኖራታ ድንቹን፥ ቢላዋውን ትታ፣
ወጣቱን ወሰደች፥ ክንዱን ተደግፋ፥ በስተሰሜን መርታ።
ሦስተኛው መስኮት ላይ፥ መስታወቱን ከእንጨት፥ ያጣበቀው ስቱኮ ሲነካ፣
ጠንክሮ ይገኛል፥ ሰማንያ ክረምት ያለፈው፥ የአውራ ጣት ዱካ።
"ጣትህን ክተተው።"
ከተተ።
ልክ ሆነ።
ሄንዴል ቀረ። ጣቱ ቀረ።

ወጣቱ ቅጹን ገልጦ፥ "ቁመት"ን፥ "ወርድ"ን፥ "ዘመን"ን ሞላ፤
"ባለቤት" የሚለው ላይ፥ ብዕሩ ቆመ፤ አልጻፈም ሌላ።

መሸ። ሰዓቱ ደረሰ።
ከሊንደኑ ዛፍ ላይ፥ በሽቦ የታሰረ፥ ክንድ የሚያህል ሐዲድ አለ፤
ሆኖራታ በመዶሻ መታችው። ድምፁ ሜዳውን አካለለ።
"ይህስ ብረት ከየት ነው?" ብሎ ጠየቃት።
ቀና ብላ አየችው፤
ሐዲዱን ደግማ መታች።
ኩሬው ላይ ዳክዬዎች፥ ለአንድ አፍታ ዝም አሉ።
መንደሩ ድንች ጣደ።